ሳሙኤል ሞርስ

ሳሙኤል ፊንሊ ብሪዝ ሞርስ (ኤፕሪል 27 ቀን 1791 – ኤፕሪል 2 ቀን 1872 እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊ ሰዓሊና የፈጠራ ሰው ነበር። ዛሬ የሚታወቀው በኤሌክትሪክ ቴሌግራፍና በስሙ በሚጠራው የነጥብና የሰረዝ ኮድ ነው። እስከ አርባ ዓመቱ ድረስ ግን ኑሮውም ምኞቱም ሥዕል ነበር። ኮዱ እሱ ከሞተ በኋላ ከሽቦ ወደ ራዲዮ ተሻገረ፤ ለብዙ አሥርት ዓመታትም የራዲዮ አማተሮች ፈቃድ ለማግኘት የሚፈተኑበት ግዴታ ሆኖ ቆየ። ግዴታው በዓለም አቀፍ ሕግ የተነሣው በ2003 ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ሞርስ የተወለደው በማሳቹሴትስ፣ ዛሬ የቦስተን ከተማ አካል በሆነችው በቻርልስታውን ነው። አባቱ ጄዲዳያ ሞርስ የካልቪን ትምህርት አጥባቂ ሰባኪ ሲሆን በዘመኑ በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች በሰፊው ይነበቡ የነበሩ የጂኦግራፊ መጻሕፍት ደራሲም ነበር። ሳሙኤል የቤቱ የበኵር ልጅ ነው። ቤተሰቡ ፊንሊ እያለ ይጠራው ነበር።

በፊሊፕስ አካዳሚ ከተማረ በኋላ ዬል ኮሌጅ ገብቶ በ1810 ተመረቀ። እዚያ ቤንጃሚን ሲሊማንና ጄረማያ ዴይ ስለ ኤሌክትሪክ የሚሰጡትን ትምህርት ተከታትሏል። ልቡ ግን ወደ ሥዕል ያደላ ነበር። የኮሌጅ ወጪውን በከፊል የሸፈነው በዝሆን ጥርስ ላይ ትናንሽ የሰው መልኮችን እየሣለ በመሸጥ ነው። ወላጆቹ ሥዕልን እንደ መተዳደሪያ ሊያዩት አልፈለጉም፤ በመጨረሻ ግን ተሸንፈው በ1811 ከሰዓሊው ዋሽንግተን ኦልስተን ጋር ወደ ለንደን እንዲሄድ ፈቀዱለት። በለንደን በሮያል አካዳሚ ተምሮ በ1815 ወደ አገሩ ተመለሰ።

ሰዓሊው

ሞርስ ከግሪክና ከሮም ታሪክ የተወሰዱ ታላላቅ ሥዕሎችን መሥራት ይመኝ ነበር። በወቅቱ የነበሩት አሜሪካውያን የሚከፍሉት ግን ለራሳቸው መልክ ብቻ ነበር። ስለዚህ ከከተማ ከተማ እየዞረ የነጋዴዎችንና የቤተሰቦቻቸውን መልክ ሣለ። ፕሬዚዳንት ጆን አዳምስና ፕሬዚዳንት ጄምስ ሞንሮም ፊቱ ተቀምጠውለታል። በ1818 ሉክሪሺያ ዎከርን አገባ። ከእሷም ሦስት ልጆች አሳደገ።

በ1822 የአሜሪካን የተወካዮች ምክር ቤት አዳራሽ ከነአባላቱ በትልቅ ሸራ ላይ ሣለ። ሕዝብ እየከፈለ እንዲያየው በየከተማው አዞረው፤ ያየው ግን ጥቂት ስለነበር ወጪውን እንኳ አልመለሰም።

በ1825 የኒው ዮርክ ከተማ የአብዮቱን ጀግና የማርኪ ዴ ላፋዬትን መልክ እንዲሥል በ1,000 ዶላር ቀጠረው። ላፋዬት ባለበት በዋሽንግተን ሥራውን እንደ ጀመረ ኒው ሄቨን የቀረችው ባለቤቱ በድንገት ሞተች። መርዶው የደረሰው በፈረስ ፖስታ ነው። እየገሰገሰ ቤቱ ሲደርስ ተቀብራ ነበር። ዕድሜዋ 25 ዓመት ነበር። ቴሌግራፍን እንዲፈጥር ያነሣሣው ይህ ሐዘን ነው የሚለው ታሪክ በብዙ ቦታ ይነገራል። ነገሩ ልብ ይነካል፤ ግን ከሞቷ እስከ መጀመሪያው የቴሌግራፍ ሐሳብ ድረስ ሰባት ዓመት አለ፤ በእነዚያም ዓመታት ሞርስ የሠራው ሥዕል ነው።

በ1826 ከባልደረቦቹ ጋር የአሜሪካን ብሔራዊ የሥዕል አካዳሚ አቋቁሞ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ። ከ1829 ጀምሮ ሦስት ዓመት በአውሮፓ ቆየ። በፓሪስ የሉቭር ሙዚየምን አዳራሽና በውስጡ የተሰቀሉ 38 ታዋቂ ሥዕሎችን በአንድ ሸራ ላይ አሳንሶ ቀዳ። አሜሪካ ገብቶ ያጠናቀቀውን ይህን ሥዕል በ2,500 ዶላር ሊሸጠው ቢያስብም ያገኘው 1,300 ዶላር ነው። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ፣ በ1982፣ ያው ሥዕል 3.25 ሚሊዮን ዶላር አውጥቷል።

በመርከብ ላይ የተወለደ ሐሳብ

በ1832 መጸው ሞርስ ከፈረንሳይ ለ ሃቭር ወደብ ሳሊ በምትባል መርከብ ወደ ኒው ዮርክ ሲመለስ፣ ቻርልስ ጃክሰን የተባለ ሐኪም በምግብ ጠረጴዛ ላይ ስለ ኤሌክትሮማግኔት ያወራ ነበር። የኤሌክትሪክ ጅረት በረጅም ሽቦ ውስጥ ያለ መዘግየት እንደሚያልፍ ሞርስ ከጨዋታው ተረዳ። ጅረቱ መኖሩና መቋረጡ በሽቦው ጫፍ ከታወቀ መልእክትም ማስተላለፍ ይቻላል የሚል ሐሳብ መጣለት። መርከቧ ወደብ ሳትደርስ በማስታወሻ ደብተሩ ላይ መሣሪያውን ነድፎ ጨረሰ። ጃክሰን ግን በኋላ ሐሳቡ የኔ ነው ብሎ ለዓመታት ከሶታል።

ሞርስ የማያውቀው ነገር ብዙ ነበር። በአውሮፓ ሌሎች ሰዎች ቀድመውት እንደ ጀመሩ አላወቀም። ዊልያም ኩክና ቻርልስ ዊትስቶን በእንግሊዝ የመርፌ ቴሌግራፋቸውን ያስመዘገቡት በ1837 ነው። በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የሥዕል መምህር ቢሆንም ደመወዝ አልነበረውም፤ የሚኖረው ተማሪዎች በሚከፍሉት ነበር። በክፍሉ ውስጥ እያበሰለ፣ እዚያው እየተኛ የመጀመሪያውን መሣሪያ ሠራ። ሸራ የሚወጠርበት የሥዕል ፍሬም የመሣሪያው አካል ሆነ፤ የግድግዳ ሰዓት ጥርሶች ወረቀቱን ይጎትቱ ነበር፤ በኤሌክትሮማግኔት የሚሳብ እርሳስ ደግሞ በወረቀቱ ላይ ይጽፍ ነበር። ይህ እንጨት በዋሽንግተን ሙዚየም ዛሬም አለ።

በ1837 ሁለት ነገሮች ሆኑ። የአሜሪካ ምክር ቤት ሕንፃ በሚያጌጥባቸው ታላላቅ ሥዕሎች ላይ እንዲሠራ ያቀረበው ጥያቄ ውድቅ ተደረገበት፤ ሞርስም ሥዕልን ተወ። በዚያው ዓመት ሌናርድ ጌል የተባለ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ጆሴፍ ሄንሪ ስለ ኤሌክትሮማግኔት የጻፈውን አሳየው። የሞርስ መሣሪያ እስከዚያ ድረስ ከአንድ ክፍል ብዙ በማይዘልቅ ሽቦ ብቻ ይሠራ ነበር። ባትሪዎቹና የማግኔቱ ጥቅልል ሲስተካከሉ 16 ኪሎ ሜትር የሚያህል ሽቦ ዘለቀ።

ኮዱን የሠራው ማን ነው?

በመስከረም 1837 ሞርስ መሣሪያውን በዩኒቨርሲቲው ሲያሳይ አልፍሬድ ቬይል የተባለ ወጣት ተመራቂ ተመለከተው። አባቱ በኒው ጀርሲ የብረት ፋብሪካ ነበረው። ቬይል በራሱ ወጪ መሣሪያውን ለማሻሻል ተስማማ፤ በምላሹ ከመብቱ ድርሻ አገኘ፤ የሚገኘው ፈጠራ ሁሉ ግን በሞርስ ስም እንዲመዘገብ ውሉ ያዛል። በጥር 1838 በፋብሪካው ግቢ ሁለት ማይል በሚሆን ሽቦ መልእክት አለፈ።

የሞርስ የመጀመሪያ ኮድ ለፊደል ሳይሆን ለቁጥር ነበር። እያንዳንዱ ቃል በትልቅ መዝገበ ቃላት ውስጥ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ላኪው ቁጥሩን ይልካል፤ ተቀባዩ መዝገቡን ገልጦ ቃሉን ያገኛል። ለዚህ ሥራ ሞርስ ወራት ፈጅቶ መዝገብ አዘጋጅቷል። በ1838 መጀመሪያ ግን መዝገቡ ተጣለና ለእያንዳንዱ የላቲን ፊደል የነጥብና የሰረዝ ምልክት ተሰጠው። በእንግሊዝኛ አብዝተው ለሚመጡ ፊደላት አጭር ምልክት፣ እምብዛም ለማይመጡት ረጅም ምልክት ማለት ነው። ስለዚህ ኢ የሚባለው ፊደል አንዲት ነጥብ፣ ቲ የሚባለው አንድ ሰረዝ ሆኑ። የፊደላቱ ብዛት የታወቀው በሞሪስታውን ማተሚያ ቤት ውስጥ የእያንዳንዱ ፊደል የእርሳስ ቁራጮች ተቆጥረው ነው ይባላል፤ የቆጠረውም ቬይል ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ቬይል በሕይወቱ ሳለ ኮዱ የኔ ነው ብሎ በአደባባይ አልተከራከረም። ክርክሩ የበረታው እሱ በ1859 ከሞተ በኋላ ነው፤ ዛሬም አልተዘጋም። መሣሪያውን ለሥራ ያበቃው ግን የቬይል እጅ መሆኑ አያከራክርም።

ከዋሽንግተን እስከ ባልቲሞር

የአሜሪካ መንግሥት ለስድስት ዓመታት ያህል ፊቱን አዞረበት። ሞርስ በአውሮፓ መብቱን ለማስመዝገብ ሞክሮ በእንግሊዝ ተከለከለ። በ1839 ፓሪስ ሳለ ዳጌርን አግኝቶ የፎቶግራፍን ጥበብ ተማረና ከአሜሪካ የመጀመሪያዎቹ ፎቶ አንሺዎች አንዱ ሆነ። በ1840 የአሜሪካን የባለቤትነት መብት ቁጥር 1,647 ተቀበለ።

በ1843 ለሙከራ መስመር 30,000 ዶላር እንዲሰጠው ሐሳቡ ለተወካዮች ምክር ቤት ሲቀርብ አንዳንድ አባላት ቀለዱበት፤ ከገንዘቡ ግማሹ በዐይን እያዩ ሰው ለሚያፈዝዙ ባለሙያዎች ይሰጥ ያሉም ነበሩ። በድምፅ 89 ለ83 አለፈ። ሰባ የሚሆኑ አባላት ድምፅ አልሰጡም።

ሽቦው በእርሳስ ቱቦ ውስጥ ሆኖ መሬት ውስጥ እንዲቀበር ታስቦ ነበር። ዕዝራ ኮርኔል የተባለ ሰው (በኋላ በስሙ የሚጠራውን ዩኒቨርሲቲ የመሠረተው) ቦዩን እየቆፈረ ቱቦውን የሚቀብር ማረሻ ሠራ። አሥራ ምናምን ኪሎ ሜትር ከተቀበረ በኋላ ሽቦው እርስ በርሱ እየተነካካ እንደማይሠራ ታወቀ። አብዛኛው ገንዘብ አልቋል። የቀረው ምርጫ ሽቦውን በእንጨት ምሰሶ ላይ መስቀል ነበር። በዓለም ዙሪያ፣ በእኛም መንገዶች ዳር፣ ለመቶ ዓመትና ከዚያ በላይ የቆመው የስልክ እንጨት መነሻው ይህ ስሕተት ነው ማለት ይቻላል።

ሜይ 24 ቀን 1844 ሞርስ ዋሽንግተን በምክር ቤቱ ሕንፃ ከሚገኘው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ችሎት ሆኖ 60 ኪሎ ሜትር ርቃ ለምትገኘው ባልቲሞር መልእክት ላከ። መልእክቱ ከኦሪት ዘኍልቊ ምዕራፍ 23 የተወሰደ ቃል ሲሆን የመረጠችው የፓተንት ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ልጅ አኒ ኤልስዎርዝ ናት። ባልቲሞር ላይ የነበረው ቬይል ተቀብሎ መልሶ ላከው። ሕዝቡን ያሳመነው ግን ይህ ሥነ ሥርዓት ሳይሆን ከሦስት ሳምንት በፊት የሆነው ነው። የዊግ ፓርቲ ጉባኤ ባልቲሞር ላይ የመረጣቸው ዕጩዎች ስም ገና ካልተጠናቀቀው መስመር ጫፍ ተመትቶ ባቡሩ ሳይደርስ ዋሽንግተን ገብቶ ነበር።

በጆሮ ማንበብ

ሞርስ የፈጠራዬ ዋና ነገር ብሎ የያዘው በራሱ የሚጽፍ መሣሪያውን ነው። የሽቦው ሌላ ጫፍ ላይ ጥቅል ወረቀት እየተፈታ ነጥብና ሰረዝ ይቀረጽበታል፤ ጸሐፊው ያንን በዐይኑ አይቶ ወደ ፊደል ይመልሰዋል። ሰው ኮዱን በጆሮው እየሰማ ይረዳዋል ብሎ አላቀደም።

በየጣቢያው የተቀጠሩት ወጣቶች ግን ከመሣሪያው አጠገብ ውለው ሲያድሩ የብረቱን ቀጭ ቀጭታ ለመዱት። ብዙም ሳይቆይ ወረቀቱን ሳያዩ መልእክቱን መጻፍ ጀመሩ። አለቆቻቸው አልወደዱትም፤ የወረቀቱ ጥቅል ስሕተት ቢገኝ ማስረጃ ነውና በጆሮ መቀበልን የከለከሉ ድርጅቶች ነበሩ። ሆኖም በጆሮ የሚቀበለው ሰው ፈጣን ሆኖ ተገኘ፤ ስሕተቱም አነስ ያለ ነበር። በ1850ዎቹ ወረቀቱና እርሳሱ ከብዙ ጣቢያዎች ወጥተው ድምፅ ብቻ የሚያሰማ ትንሽ መሣሪያ ተተካ። ማንም ሳያዝዛቸው የተማሩት የእነዚህ ልጆች ችሎታ የሙያው መለኪያ ሆነ። ከእነሱ አንዱ ቶማስ ኤዲሰን ነው። ጆሮው የከበደ ቢሆንም ቴሌግራፈኛ ሆኖ ሠርቷል፤ ሁለቱን የመጀመሪያ ልጆቹንም ነጥብና ሰረዝ ብሎ በቅጽል ስም ይጠራቸው ነበር።

ኮዱም በመንገዱ ተለወጠ። በአሜሪካ ይሠራበት የነበረው ኮድ አንዳንድ ፊደላትን በመሀላቸው ባለ ክፍተት ይለይ ስለነበር ለማሳሳት የተጋለጠ ነበር። ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ጌርኬ በ1848 ለሃምቡርግና ለኩክስሃፈን መስመር አስተካከለው። በ1865 ፓሪስ ላይ ዓለም አቀፉ የቴሌግራፍ ኅብረት ሲመሠረት በዚህ ላይ የተመሠረተው ኮድ ዓለም አቀፍ ሆነ። ዛሬ በራዲዮ የሚሰማው የሞርስ ኮድ እንግዲህ ሞርስ ከሚያውቀው በብዙ ፊደላት ይለያል።

ክስ፣ ፖለቲካና ሀብት

መንግሥት መብቱን በ100,000 ዶላር እንዲገዛው ሞርስ ቢጠይቅም እምቢ ተባለ። ስለዚህ ቴሌግራፍ በአሜሪካ በግል ኩባንያዎች እጅ ገባ፤ ሞርስም ሀብታም ሆነ፤ ከክስ ግን አላረፈም። ትልቁ ጉዳይ በ1854 በጠቅላይ ፍርድ ቤት የተወሰነው ነው። ፍርድ ቤቱ የቴሌግራፉ ፈጣሪ ሞርስ ነው ብሎ አጸናለት። ነገር ግን በኤሌክትሮማግኔት ከሩቅ መጻፍን በጠቅላላው፣ በማንኛውም መሣሪያ ቢሆን፣ የእኔ ነው ያለበትን ስምንተኛ አንቀጽ ውድቅ አደረገው። የሥራውን መንገድ እንጂ የተፈጥሮን ኃይል የግል ማድረግ አይቻልም የሚለው ይህ ውሳኔ በአሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤቶች ዛሬም ይጠናል።

በፖለቲካ አቋሙ ሞርስ ለዛሬ አንባቢ የሚያስከፋ ሰው ነው። ከአየርላንድና ከጀርመን የሚመጡ ካቶሊኮች አሜሪካን ለጳጳሱ ሊያስገዙ ተልከዋል ብሎ ያምን ነበር፤ ይህንንም በጋዜጣና በመጽሐፍ አሰራጭቷል። በዚሁ አቋም በ1836 ለኒው ዮርክ ከንቲባነት ተወዳድሮ 1,500 የማይሞላ ድምፅ አገኘ። በ1841ም ሞክሮ አልተሳካለትም። በእርስ በርስ ጦርነቱ ዘመን ባርነት እግዚአብሔር የፈቀደው ሥርዓት ነው እያለ ይጽፍ ነበር። የመልእክት መንገድን ለሁሉ የከፈተ ሰው ይህን ማመኑን የሕይወት ታሪኩ ጸሐፊዎች ሲያስታርቁት ኖረዋል፤ አልታረቀም።

በ1858 አሥር የአውሮፓ መንግሥታት መሣሪያውን ያለ ክፍያ ስለ ተጠቀሙበት በጋራ 400,000 ፍራንክ ሰጡት። ከከፋዮቹ አንዷ ዕድሜ ልኩን ሲወነጅላት የኖረችው የሮማ ቅድስት መንበር ነበረች።

በ1848 ሣራ ግሪዝወልድን አግብቶ አራት ልጆች ወለደ። ሣራ መስማት የተሳናት ነበረች። ቤታቸው ፖኪፕሲ በተባለችው ከተማ አጠገብ በሃድሰን ወንዝ ዳር ነበር። በዚያው ከተማ የተመሠረተው የቫሳር የሴቶች ኮሌጅ የመጀመሪያ ባለአደራዎች ውስጥም ስሙ አለ።

ጁን 10 ቀን 1871 ቴሌግራፈኞች ባዋጡት ገንዘብ ሐውልቱ በኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ ተመረቀ። በዚያ ምሽት በአንድ የቲያትር አዳራሽ ውስጥ የአገሪቱ መስመሮች ሁሉ ከአንድ ቁልፍ ጋር ተያያዙና አንዲት ቴሌግራፈኛ የስንብት መልእክቱን መታች። ከዚያ የ80 ዓመቱ ሽማግሌ ቁልፉ ላይ ተቀምጦ ስሙን በራሱ እጅ መታ። በሚቀጥለው ዓመት በኒው ዮርክ አርፎ ብሩክሊን በሚገኘው ግሪንዉድ መካነ መቃብር ተቀበረ።

ኮዱ በራዲዮ ዘመን

ማርኮኒ በ1890ዎቹ ያለ ሽቦ መልእክት ማስተላለፍ ሲጀምር መሣሪያው የሰው ድምፅ መሸከም አይችልም ነበር። ሞገዱን መክፈትና መዝጋት ብቻ ስለሚቻል የሞርስ ኮድ ያለ ተወዳዳሪ ገባ። ለመዝናኛና ለምርምር በየቤታቸው ራዲዮ የሚሠሩ አማተሮችም በየሰፈሩ ተነሡ። የታይታኒክ መርከብ በሰጠመችበት በ1912 አሜሪካ የራዲዮ ሕግ አወጣች፤ አማተሩ ፈቃድ እንዲያወጣና ኮዱን መቀበልና መላክ መቻሉን በፈተና እንዲያሳይ ታዘዘ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር። አንድ መርከብ የድረሱልኝ ጥሪ ስታሰማ በዚያው ሞገድ ላይ ያለው አማተር ካልገባው ዝም ማለትን አያውቅም፤ የባሕር ኃይል ጣቢያ ዝም በል ቢለውም አይሰማም። በ1927 የዋሽንግተን ጉባኤ መስፈርቱን ዓለም አቀፍ አደረገው።

ሰው በድምፅ መነጋገር ከጀመረ በኋላም ሕጉ አልተነሣም፤ ቀስ በቀስ ግን ጠበበ። በ1979 ግዴታው ከ30 ሜጋኸርትዝ በታች ለሆኑት፣ ማለትም አህጉር ለሚሻገሩት አጭር ሞገዶች ብቻ ተወሰነ። በአሜሪካ ከፍተኛውን ፈቃድ የሚፈልግ ሰው በደቂቃ 20 ቃል መቀበል ነበረበት፤ ጀማሪው 5 ቃል ይበቃው ነበር። በ1991 ከ30 ሜጋኸርትዝ በላይ ለሚሠሩ ኮድ የማይጠይቅ ፈቃድ ሲመጣ የነባሮቹ ቅሬታ ከፍተኛ ነበር።

ግዴታው ይቅር የማይሉት ወገኖች ያቀረቡት ክርክር ቀላል አልነበረም። የኮድ ምልክት የሚይዘው የሞገድ ስፋት ከድምፅ በብዙ እጥፍ ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ኃይሉ በጠባብ ቦታ ይሰበሰባል፤ ድምፅ በጩኸት ውስጥ ጠፍቶ በማይሰማበት ጊዜ የኮዱ ፉጨት ይሰማል። አስተላላፊው በጥቂት የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች በቤት ሊሠራ ይችላል፤ አምስት ዋት የማይሞላ ኃይል ውቅያኖስ ሊያሻግር ይችላል። ኮዱን የሚማር ሰው ትዕግሥትን ይማራል፤ ሞገዱም ከባለጌ ይጠበቃል የሚሉም ነበሩ። ይህ የመጨረሻው ግን ከማስረጃ ይልቅ የእኛ ዘመን ይበልጣል ከሚለው ስሜት የመጣ ይመስላል።

ተቃራኒው ወገን ፈተናው የራዲዮን ዕውቀት ሳይሆን የጆሮን ልማድ ይለካል አለ። የወረዳ ሐኪም ወይም የምህንድስና ተማሪ የአንቴናን ሥራ ጠንቅቆ እያወቀ በኮዱ ብቻ ሊወድቅ ይችላል። ፈተናው የመስማት ችግር ላለባቸውም ዕንቅፋት ነበር። ከሁሉ በላይ ግን የሕጉ መነሻ ራሱ ጠፋ። ከፌብሩዋሪ 1999 ጀምሮ የመርከቦች የአደጋ ጥሪ በሳተላይትና በዲጂታል ሥርዓት ስለ ተተካ ሞርስ ለባሕር ደኅንነት አስፈላጊ መሆኑ ቀረ።

በ2003 በጄኔቭ የተደረገው የዓለም ራዲዮ ኮሙኒኬሽን ጉባኤ ኮዱን መጠየቅን ለየአገሩ ፈቃድ ተወው። ስዊዘርላንድ፣ ብሪታንያና ጀርመን በዚያው ዓመት አነሡት። አሜሪካ በፌብሩዋሪ 2007 አነሣችው። ሥጋቱ ኮዱ በአንድ ትውልድ ይጠፋል የሚል ነበር። እስካሁን አልጠፋም፤ በየሳምንቱ መጨረሻ በሚደረጉት የአማተሮች ውድድሮች የአጭር ሞገዶቹ የታችኛው ጠርዝ ዛሬም በኮድ ይጨናነቃል። ከተማሩት መካከል ፈተና ያልተጠየቁ ወጣቶች አሉ። ከ2003 ውሳኔ አንድ ዓመት በኋላ፣ በሜይ 2004፣ በኢሜይል አድራሻ መሀል ለሚገባው ምልክት አዲስ የሞርስ ኮድ ተሰጠው።

በኢትዮጵያ

የሞርስ ፈጠራ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በአፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አዲስ አበባን ከሐረር ጋር የሚያገናኝ ሽቦ ተዘረጋ፤ ቀጥሎም በጣሊያኖች ሥራ ከአዲስ አበባ እስከ አስመራ ሌላ መስመር ተዘረጋ። በ1932 ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት አባል ሆነች። በጣሊያን ወረራ ዋዜማ የአቃቂ የራዲዮ ጣቢያ አገሪቱ በቅኝ ገዥዎች ሽቦ ሳታልፍ ከውጭው ዓለም ጋር እንድትገናኝ አስችሏል። ቴሌግራም መምታት የሚለው አነጋገርም የቴሌግራፈኛውን እጅ ያስታውሳል።

የሞርስ ኮድ የተሠራው ለ26 የላቲን ፊደላት ነው። የአማርኛ ፊደል 33 ዋና ፊደላት በሰባት ቤት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ለእያንዳንዱ ነጥብና ሰረዝ ቢሰጥ ምልክቶቹ ለጆሮ እጅግ ይረዝማሉ። አማርኛን በላቲን ፊደል መጻፍ ደግሞ ሀን ከሐና ከኀ መለየትን ያጠፋል።

ከ1950ዎቹ ጀምሮ አስመራ በነበረው የአሜሪካ ጦር የቃኘው ጣቢያ ብዙ ወታደሮች ቀንና ሌሊት የሌሎች አገሮችን የሞርስ ምልክት እያዳመጡ ይጽፉ ነበር፤ ከሥራ ውጪ ደግሞ በአማተር ራዲዮ ከየአገሩ ጋር ይገናኙ ነበር። ዛሬ የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበር የክበብ ጣቢያ የሚገኘው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አምስት ኪሎ ሲሆን የምህንድስና ተማሪዎች ይሠሩበታል። ከኢትዮጵያ የሚሰሙ ጣቢያዎች ጥቂት ስለሆኑ ምልክቱ በአየር ላይ ሲሰማ ከየአህጉሩ የሚጠሩት ይበረክታሉ።

የጣቢያው መጠሪያ ኢቲ3ኤኤ ነው። በዓለም አቀፍ ድልድል ለኢትዮጵያ የተሰጡት ኢና ቲ በሞሪስታውን ማተሚያ ቤት ከሁሉ በዝተው ተገኙ የተባሉት ሁለቱ ፊደላት ናቸው፤ በሞርስ ኮድ አንድ ነጥብ፣ ከዚያም አንድ ሰረዝ።